ክሩዝ ከመያዛችሁ በፊት፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የሽርሽር መርከብ ወይም ክሩዝ ለድሬና ለሐረር ሰው ብዙውን ጊዜ በግብዣ ነው የሚመጣው። ውጭ ያሉ ልጆች ለእናት ለአባታቸው ይይዙላቸዋል፣ አለዚያም አዲስ ተጋቢዎች ከዱባይ የሚነሳ የአንድ ሳምንት ጉዞ ይገዛሉ። ካቢኑ ይመረጣል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ ስለ ቪዛና ስለ ወደቦቹ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት፦ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎ ካቢኑ መርከቡ ላይ የሚገኝበት ቦታ፣ የካቢኑ ዓይነት መጨረሻ።

«ጅቡቲ ቅርባችን ስለሆነች ከዚያ እንሳፈራለን»

ባቡሩ ከድሬዳዋ ጅቡቲ ያደርሳል፤ የሚሳፈሩበት ክሩዝ ግን እዚያ አይጠብቅም። የጅቡቲ ወደብ ሥራው በዋናነት ጭነት ነው፤ ትልልቅ የሽርሽር መርከቦች መንገደኛ የሚጭኑበት መነሻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ላይ በመርከቦች ላይ ጥቃት ከደረሰ ወዲህ ደግሞ በዚያ ያልፉ ከነበሩት ብዙዎቹ መንገድ ቀይረዋል። ጅቡቲ ላይ የሚገኘው ሌላ ነገር ነው፦ ከኅዳር እስከ ጥር ገደማ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት የሚወጡ ትናንሽ ጀልባዎች። ለክሩዝ ግን በተለምዶ ከኅዳር እስከ መጋቢት ዱባይ፣ አቡዳቢና ዶሃ፣ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ደግሞ ባርሴሎና፣ ለሮም የምትቀርበው ቺቪታቬኪያና የአቴንስ ወደብ ፒሬየስ ናቸው የሚታሰቡት። የየዓመቱን ፕሮግራም ከኩባንያው ማረጋገጥ ግድ ነው።

«የምናድረው መርከቡ ላይ ስለሆነ አንድ ቪዛ ይበቃናል»

ብዙ ገንዘብ የሚበላው ስህተት ይኼ ነው። መርከቡ ሆቴል ቢመስልም በየወደቡ ሲቆም አገር እየቀየረ ነው። ለምሳሌ ከባርሴሎና ተነስቶ ማርሴይ፣ ጄኖቫ፣ ፓሌርሞና ቱኒስ ደርሶ ባርሴሎና የሚመለስ ጉዞ እንውሰድ። ስፔን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በአንድ የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ በሚቀበሉት ቪዛ፣ ያልፋሉ። ቱኒስ ላይ ግን ከሸንገን ወጥተዋል፤ ወደ ባርሴሎና መመለሱ ሁለተኛ መግቢያ ነው። ቪዛው ላይ የመግቢያ ብዛት በሚለው ቦታ 1 ተብሎ ከተጻፈ ጉዞው ገና ሳይጀመር፣ ሻንጣ ይዘው ተሰልፈው ሳለ ነው «አይሳፈሩም» የሚባሉት። «ቱኒስ ላይ አልወርድም» ማለትም አያድንም፤ ኩባንያው የሚያየው የጉዞውን መስመር እንጂ የእርስዎን ዕቅድ አይደለም። በወረቀት ጉድለት የቀረ ሰው ደግሞ ገንዘቡ በአብዛኛው አይመለስለትም። ኢስታንቡልና ኩሻዳሲ (ቱርክ)፣ ኮቶር (ሞንቴኔግሮ) ከሸንገን ውጭ ናቸው። ክሮኤሺያ ያለችው ዱብሮቭኒክ ግን ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሸንገን ውስጥ ገብታለች፤ የቆዩ ምክሮች ይህን አያውቁም።

የእነ ዱባይ ባሕረ ሰላጤ ጉዞም ከዚህ አያመልጥም። ከዱባይ ተነስቶ ዶሃና ባሕሬን ደርሶ ዱባይ የሚመለስ መርከብ ኤሚሬትስን ለቆ እንደገና ይገባል፤ ስለዚህ የኤሚሬትሱ ቪዛ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። የመርከቡን የወደቦች ዝርዝር ያትሙ። ከእያንዳንዱ ወደብ አጠገብ አገሩን፣ ከአገሩ አጠገብ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ይጠየቅ እንደሆነ ይጻፉ። ቀጥሎ ያንኑ ዝርዝር ለኩባንያው በኢሜይል ልከው «ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን ያስፈልጋል?» ብለው ይጠይቁ፤ የስልክ መልስ አይበቃም፣ የተጻፈውን ይያዙ። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ መግባት ይችላል፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ግን ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት። የሚቀርበውም ብዙ ቀን ለሚያሳልፉበት አገር ነው፤ ቀኑ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት። የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ሲሆን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። አሻራ የሚሰጠው አዲስ አበባ ስለሆነ የድሬ ሰው የመመላለሻውን ወጪና ቀን ከመጀመሪያው ይቁጠረው። ፓስፖርቱም ጉዞው ካለቀ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ቢቀረው ነው የሚሻለው።

የቢጫ ወባ ካርድም አለ። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት አለባቸው ከሚባሉት አገሮች ስለምትመደብ ካርዱን የሚጠይቁ ወደቦች አሉ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ በዋዜማው የተወጋ ሰው ካርድ ይኖረዋል፣ የጸና ካርድ ግን አይኖረውም። አንዴ የተወሰደው ካርድ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ በየ10 ዓመቱ መታደሱ ቀርቷል።

«ስማችን በትንሹ ቢለያይ ማን ያያል?»

ያያሉ። ውጭ ያለው ልጅ ሲመዘግብ የአባቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ያስገባል፤ ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ በዚያ መስመር ያለው ሌላ ነው። አውሮፕላኑም መርከቡም ላይ የሚጻፈው ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል ነው። ባልና ሚስት፣ ልጅና እናት የቤተሰብ ስማቸው ስለማይገጥም ከልጅ ጋር የሚሄድ ወላጅ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ሌላው ወላጅ ከሌለ ደግሞ የእሱን በውልና ማስረጃ የጸደቀ ፈቃድ ተተርጉሞ ይያዝ። ሕፃን ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ እርጉዝም በጉዞው መካከል 24 ሳምንት የምትሞላ ከሆነች፣ አብዛኞቹ ኩባንያዎች አያሳፍሩም።

«መስኮት የሌለው ካቢን ያፍናል»

የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ይህን ቢፈራ አይገርምም። ግን የመርከብ ካቢን አየር የሚያገኘው ከመስኮት አይደለም፤ ውስጠኛውም ባለበረንዳውም ቀንና ሌሊት ከሚሠራው ማዕከላዊ ማቀዝቀዣ ነው። እንዲያውም ባለመስኮት በሚባለው ካቢን መስኮቱ አይከፈትም። የሚከፈተው የበረንዳ በር ብቻ ነው፤ እሱንም ከፍተው ከተዉት በብዙ መርከቦች ላይ የክፍሉ ማቀዝቀዣ ይቆማል። የባሕረ ሰላጤው አየር እንደ ድሬ ደረቅ አይደለም፣ እርጥብ ነው፤ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሲገባ ወለሉና መስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሰውም ያንሸራትታል። ሰዉ የሚቸገረው በሙቀት ሳይሆን በብርድ ስለሆነ ሹራብ ወይም ወፍራም ነጠላ አይቅር።

የውስጠኛው ካቢን እውነተኛ ጉድለት ጨለማው ነው። ቀኑ ሌሊቱ አይለይም፤ ሌሊት ለሽንት የሚነሱ አዛውንት ይደናገራሉ። ትንሽ የባትሪ መብራት መያዝ ወይም የመታጠቢያ ቤቱን በር ገርበብ አድርጎ መብራቱን መተው ይበቃል። ስፋቱ ከ13 እስከ 17 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ለአራት ግን ሁለቱ ከግድግዳ ወይም ከጣሪያ በሚወርድ አልጋ ላይ፣ በመሰላል ወጥተው ነው የሚተኙት። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናት እዚያ ላይ ማሰብ አይገባም።

«ከፍ ያለው ፎቅ፣ ውዱ ካቢን ሁልጊዜ ይሻላል»

ባሕሩ ሲናወጥ ከሁሉ ብዙ የሚወዛወዙት ላይኛው ፎቅና የመርከቡ አፍንጫ ናቸው። ከሁሉ ትንሽ የሚነቃነቀው ታችና መካከል ነው። ስለዚህ ከላይ፣ ከፊት ያለ ውድ ባለበረንዳ ያደረ ሰው ሲያስመልሰው፣ አራተኛው ፎቅ መካከል ላይ በግማሽ ዋጋ የተኛው ደህና ሊያድር ይችላል።

ድምፅም አለ። ካቢን ከመያዙ በፊት የመርከቡን የፎቆች ካርታ ከኩባንያው ድረ ገጽ ያውርዱና ሦስት ፎቅ ይመልከቱ፦ የራስዎን፣ ከበላይ ያለውንና ከበታች ያለውን። ከበላይና ከበታች ሌላ ካቢን ከሆነ ጥሩ ነው። ከበላይ መዋኛው ካለ ገና ሳይነጋ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፤ ከበታች ጭፈራ ቤት ካለ ከበሮው እስከ እኩለ ሌሊት አልጋውን ይነዝረዋል። ከፊት ታችኛው ፎቅ ያለው ካቢን ጠዋት ወደብ ሲደረስ የመልሕቁን ሰንሰለትና መርከቡን ወደ ጎን የሚገፉትን ሞተሮች ድምፅ ይሰማል፤ ከኋላ ያለው የፕሮፔለሩ ንዝረት ይደርሰዋል። ካርታው ላይ ባዶ ነጭ ቦታ ካዩ ብዙውን ጊዜ የሠራተኛ ክፍል ወይም ዕቃ ቤት ነው፤ ከሱ አጠገብ አይያዙ። ሁለት ካቢን የሚያገናኝ በር ያለው ክፍል ለቤተሰብ ግሩም ነው፣ ለሌላ ሰው ግን የጎረቤቱን ወሬ ማዳመጥ ነው።

«እይታው የተከለለ» የተባለ ካቢን የሚረክሰው ፊት ለፊቱ የሕይወት አድን ጀልባ ስለተሰቀለ ነው። «ጋራንቲ» የተባለው ደግሞ ዓይነቱን ብቻ ከፍለው ቁጥሩን ኩባንያው የሚመርጥበት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ግን ቦታ ለሚያስጨንቀው ሰው አይሆንም። በረንዳ ላይ ሻሿን ጥላ መቀመጥ የምትፈልግ እናት ካለች ደግሞ አንድ ነገር ይታይ፦ በአንዳንድ መርከቦች የታችኛው ፎቅ በረንዳ ወደ ውጭ ስለሚወጣ ከላይ ያለ ሁሉ ቁልቁል ያያታል። የተሸፈነው በረንዳ የቱ እንደሆነ ከፎቆቹ ካርታ ላይ ይታያል።

«ደንገጎ ላይ የሚያስመልሰው ሰው ክሩዝ አይሞክርም»

የደንገጎ ጠመዝማዛ የሚያስመልሰው መኪናው በየደቂቃው ስለሚታጠፍ ነው። ትልቅ መርከብ ቀስ ብሎ ነው የሚያዘነብለው፤ ከውሃው በታች ከጎንና ከጎኑ የሚዘረጉ ክንፎችም መዋዠቁን ይቀንሱለታል። መንገድ ላይ የሚያመው ሰው መርከብ ላይ ምንም ላይሰማው ይችላል፣ ዋስትና ግን የለም። መድኃኒቱ ላይ የሚሳሳቱት ሰዓቱን ነው፦ ዳይመንሃይድሪኔት ወይም ሜክሊዚን የሚዋጠው መርከቡ ከመናወጡ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። እንቅልፍ ያመጣሉ። ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰድ። ሲጀማምር መካከለኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ አድማሱን ማየት ይረዳል፤ ስልክ ማየት ያባብሰዋል።

«ዋና የማይችል አይሳፈርም» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ የሕይወት አድን ጃኬቱ የተሠራው ዋና ለማይችል ነው። የማይቀረው መጀመሪያ ቀን የሚደረገው የአደጋ ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2012 ጣሊያን አጠገብ 32 ሰው በሞተበት የኮስታ ኮንኮርዲያ አደጋ ብዙዎቹ አዲስ ተሳፋሪዎች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ወይም እንደተነሳ ወዲያው ግዴታ ሆኗል።

«ከፍለናል፣ ሌላ ወጪ የለም»

ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ ለአንድ ሰው ነው፣ ያውም ሁለት ሆነው ሲተኙ። ብቻውን የሚሄድ የሁለቱን ያህል ሊከፍል ይችላል። ምግቡ ውስጡ አለ፤ ለስላሳ መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ የየከተማው ጉብኝትና የሠራተኞች ጉርሻ ብዙውን ጊዜ የሉም። ጉርሻው በሰው በቀን 16 ዶላር ቢሆን ለሁለት ሰው በሰባት ሌሊት 224 ዶላር ነው። ሒሳቡ በካርድ ወይም አስቀድሞ በሚያስይዙት ጥሬ ገንዘብ ይዘጋል፣ ብር አይሠራም። ስልኩ ከተሳፈሩ በኋላ አውሮፕላን ሞድ ላይ ይሁን፤ የመርከቡ የሳተላይት ኔትወርክ ሳይታወቅ ሒሳብ ያስቆጥራል።

«ቬጂቴሪያን ካልን ጾም ነው»

ቬጂቴሪያን ወተት፣ ዓይብ፣ ቅቤና እንቁላል ያለበት ነው። ለጾም «ቪጋን» ይባላል፤ ዓሣ የሚበላ ዓሣውን ለብቻ ይጠይቅ። ሐላል ለሚፈልግም «አሳማ የለበትም» የተባለ ሁሉ ሐላል አይደለም፤ በጽሑፍ ይጠየቅ፣ ጥያቄውም ከጉዞው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይድረስ። ቆሎና በሶ ታሽጎ ቢያዝ ብዙ አያስቸግርም። ቋንታና ንጥር ቅቤ ግን የአውሮፓ ኅብረት ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ስለማያስገባ ጉምሩክ ላይ ይቀራሉ።

«ለራሴ የምትሆን ጥቂት ጫት ምን ታደርጋለች?»

ታሳስራለች። እዚህ በየመንደሩ የሚሸጠው ጫት ኤሚሬትስና ሳውዲ ውስጥ ዕፅ ነው፤ ብሪታንያም ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክላለች፤ አሜሪካም አይፈቀድም። የደረቀውም ያው ነው። ትራማዶል ወይም ኮዴን ያለበት የሕመም ማስታገሻ ለሚወስድ ሰው ደግሞ የሐኪም ማዘዣ ሳይዝ ኤሚሬትስ መግባት አደጋ ነው።

ከሰል፣ ሻማ፣ የእጣን ማጨሻ፣ የኤሌክትሪክ ምድጃና ማንቆርቆሪያ፣ ካውያ መግቢያው ላይ ይወሰዳሉ፤ ጀበናውን ቢያሳልፉም የሚጣድበት የለም። የመብራት ማከፋፈያም ብዙ ጊዜ መግቢያው ላይ ይወሰዳል።

«ትንሽ ብንዘገይ መርከቡ ይጠብቃል»

አይጠብቅም። መሳፈሪያው መርከቡ ከመነሳቱ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። ከድሬ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ የሚያገናኝ ሰው መነሻው ከተማ በዋዜማው ይደር። በየወደቡ የመመለሻው ሰዓት የሚነገረው በመርከቡ ሰዓት ነው፣ ያውም በፈረንጅ አቆጣጠር፦ 5 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ማለት በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ለእናት ለአባት በወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ መስጠት ያስፈልጋል።

«ሻንጣችን ከኛ ጋር ይገባል»

ሻንጣው ወደብ ላይ ለሠራተኞች ይሰጣል፤ ካቢኑ በር ላይ የሚደርሰው ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም ማታ ነው። ፓስፖርት፣ መድኃኒትና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። መጨረሻው ሌሊት ደግሞ ሻንጣው ከእኩለ ሌሊት በፊት ከበር ውጭ ይቀመጣል፣ የሚያገኙትም ወደብ ላይ ከወረዱ በኋላ ነው። ሁሉን አሽጎ ጠዋት በፒጃማና በነጠላ ጫማ የሚቀር ሰው አይጠፋም፤ የመውረጃውን ቀን ልብስና ጫማ ሻንጣው ከመውጣቱ በፊት ለይተው ያስቀምጡ።