የአውሮፓ የኮሚክ አልበሞች በእንግሊዝኛ

በአማርኛ «አልበም» ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው የአንድ ድምፃዊ አዲስ ሥራ ወይም የሠርግ ፎቶግራፍ የሚደረደርበት ጥራዝ ነው። በቤልጂየምና በፈረንሳይ ግን ቃሉ አንድ የሥዕል ታሪክ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የሚተረክበትን፣ ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ሽፋን ያለውን፣ ከተማሪ ደብተር ሰፋና ረዘም የሚለውን ባለቀለም መጽሐፍም ይጠራል። የተለመደው ጥራዝ 48 ገጽ ሲሆን ልኩ የመጣው ከማተሚያ ቤት ነው፤ በሁለት ፊቱ የታተመ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣዋል፣ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሰፉ ደግሞ መጽሐፉ ይሞላል። ታሪኮቹ ለረጅም ዘመን መጀመሪያ የሚወጡት በሳምንታዊ የልጆች መጽሔት ላይ አንድ ወይም ሁለት ገጽ እየሆኑ ነበር። ዛሬ በመጽሐፍ መልክ ሲነበቡም ብዙ ገጾች በር ሲንኳኳ፣ ጥላ ሲታይ ወይም ገመድ ሲበጠስ የሚያበቁት፣ ሠዓሊው አንባቢውን እስከሚቀጥለው ሳምንት አንጠልጥሎ ማቆየት ስለነበረበት ነው።

ፈረንሳዮች ይህን ሥራ «ዘጠነኛው ጥበብ» ይሉታል፤ በአንጉሌም ከተማም በ1974 ዓመታዊ ፌስቲቫል ተጀምሮለታል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ፈረንሳይኛ የማያነብ ሰው ወደዚህ ዓለም የሚገባበት ሰፊው በር እንግሊዝኛ ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም ግን የፈረንሳይኛው ጥላ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ከትርጉሞቹ መካከል ራሳቸውን የቻሉ ድርሰቶች ለመባል የሚበቁ አሉ፣ ጥቂቶቹም ተመልሰው ዋናውን ሥዕል እስከማስለወጥ ደርሰዋል።

መነሻው ቲንቲን ነው። ቤልጂየማዊው ሠዓሊ ዦርዥ ሬሚ፣ በብዕር ስሙ ኤርዤ፣ ወጣቱን ጋዜጠኛና ነጭ ውሻውን በብራስልስ ለሚታተም የልጆች ጋዜጣ መሣል የጀመረው ጥር 10 ቀን 1929 ነው። ወደ እንግሊዝኛ የመጣው ዘግይቶ ነበር። በ1951 አንዱ ታሪክ «ኢግል» በተባለው የብሪታኒያ መጽሔት ላይ ተከታታይ ሆኖ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የቤልጂየሙ አሳታሚ ካስተርማን ራሱ ሁለት ጥራዞች በእንግሊዝኛ አሳትሞ ሞከረ፣ ገበያው ግን አልቀናውም። ነገሩ የሰመረው በ1958 የለንደኑ አሳታሚ ሜቱን ሥራውን ለሌስሊ ሎንስዴል-ኩፐርና ለማይክል ተርነር ከሰጠ በኋላ ነው፤ እነዚህ ሁለት ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት አብረው እየሠሩ ተከታታዩን ለእንግሊዝኛ አንባቢ አደረሱ።

የሥራቸውን ክብደት ለመረዳት አንዲት የንግግር ፊኛ፣ ማለትም የገጸ ባሕርይው ንግግር የሚጻፍባትን ክብ፣ ማየት ይበቃል። ፊኛው በሥዕሉ ውስጥ ተሥሎ ያለቀ ስለሆነ ተርጓሚው ሊያሰፋው አይችልም፤ ልብ ወለድ የሚተረጉም ሰው አንድን ቃል በሦስት ቃላት ቢያብራራ የሚከለክለው የለም፣ እዚህ ግን ቦታው ካለቀ አለቀ። የውሻው ስም በፈረንሳይኛ «ሚሉ» ሲሆን በላቲን ፊደል አምስት ፊደል ነው፤ እንግሊዝኛው «ስኖዊ»ም አምስት ነው፤ በየገጹ የሚጠራ ስም ስለሆነ ልኩ መግጠሙ ቀላል ጥቅም አልነበረም። መልካቸው አንድ የሆነው ሁለቱ መርማሪ ፖሊሶች በፈረንሳይኛ የሚለያዩት በስማቸው መጨረሻ ባለው በማይነበብ አንድ ፊደል ነው፤ እንግሊዝኛው ያንኑ ጨዋታ መሐል ላይ በምትገኝና በማትነበብ ፊደል መልሶ ሠራው። በግዕዝ ፊደል ሁለቱንም «ቶምሰን» ብለን ከመጻፍ ሌላ አማራጭ ስለሌለን ቀልዱ እኛ ጋ ሲደርስ ድራሹ ይጠፋል።

የቲንቲን ጓደኛ የሆነው መርከበኛ የካፒቴን ሃዶክ እርግማን ከሁሉ የሚልቅ ምሳሌ ነው። ካፒቴኑ በፈረንሳይኛ ሲቆጣ «ሚል ሳቦር!» ይላል፤ ትርጉሙ «ሺህ የመድፍ መስኮት!» እንደማለት ሲሆን፣ መስኮቱ ከመርከብ ጎን መድፍ የሚወጣበት ነው። ቃል በቃል ቢተረጎም ለእንግሊዝ ልጅ ምንም አይለውም ነበር። ተርጓሚዎቹ ባሕሩን ይዘው ቃሉን ጣሉና «ብሊስተሪንግ ባርናክልስ!» አሉት፤ ባርናክል ከመርከብ ሆድ ጋር ተጣብቆ የሚኖር ዛጎል ለበስ ፍጥረት ነው። ሁለቱም ቃላት በአንድ ድምፅ ስለሚጀምሩ ንግግሩ ከንፈርን እያፈነዳ ይወጣል፤ ይህ የድምፅ ድግግሞሽ በፈረንሳይኛው የለም። «የብሬስት ነጎድጓድ» የሚለው ሌላው እርግማኑም በዚሁ መንገድ «ታንደሪንግ ታይፉንስ» ሆኗል። ካፒቴኑ በእንግሊዝኛ ሲሳደብ ይበልጥ ያምርበታል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ትርጉሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ዋናውን የለወጠበት ታሪክም በቲንቲን ውስጥ ይገኛል። በስኮትላንድ የሚካሄደውን የጥቁሯን ደሴት ታሪክ ለማሳተም የተዘጋጀው የብሪታኒያ አሳታሚ፣ ባቡሩ፣ የፖሊሱ ልብስ፣ የእሳት አደጋ መኪናው አገሩን አይመስልም በማለት 131 ስህተቶች ዘርዝሮ ለኤርዤ ላከለት። ኤርዤም ረዳቱን ቦብ ደ ሞርን ወደ ብሪታኒያ ልኮ ቦታውን አስነደፈና አልበሙ እንደገና ተሥሎ በ1966 ወጣ፤ ዛሬ በፈረንሳይኛም የሚሸጠው ይኸው ነው። ሥዕሉ ትክክል ሆነ፤ ነገር ግን የ1930ዎቹ ጀብዱ በ1960ዎቹ መኪናዎችና አውሮፕላኖች ስለተሞላ ቀድሞ የነበረው የዘመን ሽታ ጠፍቷል፤ የቀድሞው እትም ይሻላል የሚሉ አፍቃሪዎችን መውቀስ ይከብዳል። የጥቁር ወርቅ ምድር ታሪክም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል፤ በብሪታኒያ አስተዳደር ሥር በነበረችው ፍልስጤም የሚካሄደው ክፍል በአሳታሚው ጥያቄ ወጥቶ በምናብ በተፈጠረ የዓረብ ግዛት ተተካ። የአሜሪካው ጎልደን ፕሬስ ደግሞ በ1950ዎቹ መጨረሻ ጥቁርና ነጭ ሰዎች አንድ ሥዕል ላይ እንዳይታዩ ስለፈለገ በአንዱ አልበም ያሉ ጥቁር ገጸ ባሕርያት በሌሎች ተተክተዋል። የአሜሪካው እትም ብዙም ሳይሸጥ ቀረ፣ በእሱ ምክንያት የተለወጡት ሥዕሎች ግን እስከ ዛሬ ይታተማሉ።

አስቴሪክስ የሌላ ዓይነት ፈተና ነበር። ረኔ ጎሲኒ የጻፈውና አልቤር ኡደርዞ የሣለው ይህ ታሪክ ጥቅምት 29 ቀን 1959 በ«ፒሎት» መጽሔት ተጀመረ፤ ሮማውያን ሁሉን ሲይዙ አንዲት የጎል፣ ማለትም የጥንቷ ፈረንሳይ፣ መንደር በአስማት መጠጥ እየተመካች አልገዛም ትላለች። ቀልዱ ግን በፈረንሳይኛ ቃላት ላይ ስለተሠራ አይተረጎምም የሚል ጥርጣሬ ነበር። በ1960ዎቹ ሁለት የእንግሊዝ መጽሔቶች ጎሎቹን የጥንት ብሪታናውያን አድርገውና ስማቸውን ቀይረው አወጧቸው፤ አስቴሪክስም በአንዱ «ትንሹ ፍሬድ»፣ በሌላው «ቤሪክ» ተብሎ ነበር። ትክክለኛው አልበም የወጣው በ1969 በብሮክሃምፕተን ፕሬስ ነው። ተርጓሚዎቹ አንቴያ ቤልና ዴሬክ ሆክሪጅ ነበሩ።

የእነዚህን ሰዎች ብልሃት ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ከሰምና ወርቅ የቀረበ መንገድ የለም። የአስቴሪክስ ጓደኛ የኦቤሊክስ ትንሽ ውሻ በፈረንሳይኛ «ኢዴፊክስ» ይባላል፤ ወርቁ «ከጭንቅላት የማይለቅ ሐሳብ» ነው። እንግሊዝኛው «ዶግማቲክስ» አለው፤ ወርቁ ያው በአንድ እምነት ድርቅ ማለት ሲሆን፣ ሰሙ ግን ከፊቱ «ዶግ» ማለትም ውሻን ይዞ ይመጣል። ፈረንሳይኛው ውሻ የለውም። የመንደሩ አዝማሪ፣ ሲዘፍን ሰው ሁሉ ጆሮውን የሚይዝለት፣ በፈረንሳይኛ «አሱራንስቱሪክስ» ነው፤ ይህም ከሙሉ የመድን ዋስትና መጠሪያ የተወሰደ፣ ከሥራው ጋር የማይገናኝ ጨዋታ ነው። በእንግሊዝኛ «ካኮፎኒክስ» ሲባል ግን ጆሮ የሚያሻክር ጩኸት የሚለውን ቃል ይዞ በቀጥታ ሙያውን ይነካል። ደራሲው ያልዘረፈውን ቅኔ ተርጓሚው ዘርፎታል ማለት ነው።

ጀግኖቹ ወደ ብሪታኒያ የሚሄዱበት አልበም ደግሞ በራሱ ለእንግሊዝኛ የተጠመደ ወጥመድ ነበር። በፈረንሳይኛው ብሪታናውያን የሚናገሩት የእንግሊዝኛን የቃላት ቅደም ተከተል በፈረንሳይኛ ላይ እየጫኑ ነው፤ ቅጽል ከስም ኋላ መምጣት ሲገባው ያስቀድሙታል፣ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻም «አይደለም እንዴ?» እያሉ ይጨምራሉ። ይህ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ትክክለኛ እንግሊዝኛ ይሆንና ቀልዱ ይሞታል። ተርጓሚዎቹ ስለዚህ ብሪታናውያኑን ጊዜው ባለፈበት የባላባት አነጋገር አናገሯቸው፤ ጦርነት መሐልም ሻይ ቤት እንደተቀመጡ ሁሉ በጨዋ ቃል ይተነፍሳሉ። ሆክሪጅ በ2013፣ ቤልም በ2018 ካረፉ በኋላ አዳዲሶቹን አልበሞች የምትተረጉመው አድሪያና ሃንተር ናት። ለአሜሪካ ገበያ ከ2020 ጀምሮ በፔፐርከትዝ የሚወጣው ሌላ ትርጉም ነው፤ አንዳንድ ስሞችም ተለውጠውበታል። ለጀማሪ የቤልና የሆክሪጅን መምረጥ ይሻላል።

አሜሪካ ለአልበሙ ለረጅም ጊዜ ፊት አልሰጠችም። እዚያ ኮሚክ ማለት በየወሩ የሚወጣ ቀጭን ጥራዝ ስለነበር ሰፊው የአውሮፓ መጽሐፍ ከመደርደሪያውም ከልማዱም ጋር አልገጠመም። በሩን የከፈተው ለአዋቂዎች የተሠራው የምናብ ሥዕል ነው፤ በ1974 መጨረሻ በፓሪስ የተመሠረተው የ«ሜታል ዩርላን» የአሜሪካ እትም «ሄቪ ሜታል» በ1977 ሲጀምር፣ ሞቢየስ በሚል ስም የሚታወቀው ዣን ዢሮ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ተዋወቀ። ማርጃን ሳትራፒ በቴህራን ስላሳለፈችው ልጅነት የሠራችው ጥቁርና ነጭ «ፐርሰፖሊስ» በ2003 በእንግሊዝኛ ሲወጣ ደግሞ የፈረንሳይኛው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥራዞች በአንድ ተጣምረው፣ መጠናቸው አንሶ፣ ከልብ ወለዶች ጎን ተሸጡ።

ዛሬ በብዛት የሚያሳትመው በ2005 በእንግሊዟ ካንተርበሪ የተመሠረተው ሲኔቡክ ነው። ሉኪ ሉክን፣ ብሌክና ሞርቲመርን፣ ቶርጋልን፣ ዮኮ ሱኖን፣ ቫሌሪያንን በለስላሳ ሽፋን ያወጣል። ገዢ ሁለት ነገር ቢያውቅ ይጠቅመዋል። አንደኛ፣ በእንግሊዝኛው ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር የፈረንሳይኛውን ቅደም ተከተል ሁልጊዜ አይከተልም፤ የብሌክና ሞርቲመር እንግሊዝኛ ቁጥር 1 ለምሳሌ የመጀመሪያው ታሪክ አይደለም። ሁለተኛ፣ በአንዳንድ ጥራዞች ዕርቃናቸውን የነበሩ ገጸ ባሕርያት ልብስ ለብሰው ታትመዋል። በትርጉም መንገድ ላይ ሥዕል መነካካት የእሱ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ በበሽታ ጠቁረው የሚናከሱት ስመርፎች፣ የቤልጂየማዊው ሠዓሊ የፔዮ ትናንሽ ሰማያዊ ፍጥረታት፣ በ2010 በአሜሪካ ሲታተሙ ከዘር ጋር እንዳይያያዝ ተብሎ ሐምራዊ ሆነዋል። ወረቀት ላይ ያልደረሱ ብዙ ሥራዎችን ደግሞ «ዩሮፕ ኮሚክስ» የተባለው የአሳታሚዎች ኅብረት ከ2015 ጀምሮ በዲጂታል ወደ እንግሊዝኛ አምጥቷል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ምናልባት ጣሊያናዊው ሁጎ ፕራት ነው፤ ቅርበቱ ግን የሚቆረቁር ነው። በ1927 በሪሚኒ ተወልዶ በቬኒስ ያደገው ፕራት፣ በፋሽስት ወረራ ዘመን የቅኝ ገዢው ጦር ባልደረባ የነበረውን አባቱን ተከትሎ ከእናቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ጣሊያን ስትሸነፍ አባቱ በእንግሊዞች ተይዞ በምርኮ ሞተ፤ ልጁና እናቱ በድሬዳዋ በነበረው የእስረኞች ሰፈር ታጎሩ፣ እዚያም ከጠባቂዎቹ ኮሚክ እየገዛ ያነብ እንደነበር ይነገራል። በኋላ መርከበኛውን ኮርቶ ማልቴዝን ሲፈጥር ያ አገር ተመልሶ መጣ። በ1918 አካባቢ የሚካሄዱት አራት ተከታታይ ታሪኮች በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ መጽሔት ወጥተው፣ በእንግሊዝኛ ዩሮኮሚክስ ባሳተመው ተከታታይ ውስጥ «ዘ ኢትዮፒያን» በሚል ርእስ ተጠናቅረዋል። ይህ እትም ቀደም ሲል በሌላ አሳታሚ የሥዕል ሣጥኖቹ ተቆራርጠው ከወጡት የፕራት ገጾች ይልቅ የሠዓሊውን ጥቁርና ነጭ አሰላለፍ እንዳለ የጠበቀ ነው። ኮርቶ እዚያ ኩሽ የተባለ የአካባቢው ተዋጊ ያገኛል፤ ኩሽ አውሮፓዊውን ሲያናግር ዝቅ አይልም፣ ሲያስፈልግም ይሳለቅበታል፣ ይህም በዘመኑ ከነበሩት የአፍሪካ ሥዕሎች ይለየዋል። ርእሱ ኢትዮጵያን ቢጠራም ታሪኮቹ ከቀይ ባሕር ማዶ ተነሥተው በምሥራቅ አፍሪካ እየወረዱ የመጨረሻው በሩፊጂ ወንዝ፣ በጀርመኖች ግዛት ነው የሚያልቀው። የበረሃው ምድር በጥቂት የቀለም ጭረትና ሰፊ ባዶ ነጭ ወረቀት ብቻ ተሥሏል፤ ንግግር የሌለባቸው ሣጥኖች ብዙ ስለሆኑም ተርጓሚው እነዚያን ገጾች እጁን ሳያስነካ አልፏቸዋል።