ለገበሬው የሚከፈለው ለምንድን ነው?

"ገበሬ ውሃና አፈር ስለጠበቀ ይከፈለው" ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል። በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ቪተል ላይ የሆነውን ይዘን ሰው የሚለውን አንድ በአንድ እንየው።

"ምጽዋት ነው"

ቪተል የታሸገ የምንጭ ውሃ አገር ናት። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዙሪያዋ ከብት አርቢዎች ለመኖ የሚዘሩት በቆሎ በዛ። ማዳበሪያውና ፍጉ እየሰረገ ናይትሬት የሚባለው ውሃ በካይ ነገር ወደ ምንጩ መውረድ ያዘ። "የተፈጥሮ ማዕድን ውሃ" ተብሎ የሚሸጥን ውሃ ደግሞ ናይትሬቱን አጣርቶ መሸጥ ሕጉ አይፈቅድም። ውሃውን አሽጎ የሚሸጠው ኩባንያ ንጹህ ውሃ ከፈለገ ከገበሬው መግዛት ነበረበት። ንግድ ነው እንግዲህ።

"ያቆሸሸው ይክፈል እንጂ ጭራሽ ይከፈለው?"

ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕግ የጣሰ መቀጣት አለበት። እነዚህ ገበሬዎች ግን ሕግ አልጣሱም። በአውሮፓ የመጠጥ ውሃ በሊትር እስከ 50 ሚሊግራም ናይትሬት ይፈቀድለታል። ኩባንያው ምንጩ ላይ የፈለገው ከ4.5 እንዳያልፍ ነው። የተከፈለው ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ለሆነው ነው።

"ገንዘብ ካዩ እሺ ይላሉ"

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። ተመራማሪዎች ከ1989 ጀምሮ ለዓመታት እርሻዎቹን ሲያጠኑ፣ ገበሬውን ጠፍሮ የያዘው ዕዳ መሆኑን አዩ። መሬት ለመግዛት የተበደረ ሰው ምን ቢሉት አይሰማም፤ ዘንድሮ ምርቱ ከቀነሰ ባንኩን በምን ይከፍላል? ስለዚህ ኩባንያው መሬት ገዝቶ ያለ ኪራይ እንዲያርሱት ሰጣቸው፣ የመሬት ዕዳቸውንም አነሳላቸው። በዚያ ላይ በሄክታር በዓመት 200 ዩሮ ገደማ ለ5 ዓመት፣ ለበረትና ለመሣሪያም ድጎማ። ፍጉን ኮምፖስት አድርጎ ማሳ ላይ መበተኑ ሳይቀር በኩባንያው ወጪ ሆነ። ውሉ ደግሞ የ18 ወይም የ30 ዓመት ነበር። ብሩን ብቻ ቢያሳዩዋቸው ኖሮ ማን ይፈርም ነበር?

"መሬት ጦም አሳድሮ ደሞዝ መብላት ነው"

ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ። ላሞቹ ዛሬም ይታለባሉ። በቆሎውና ፀረ ተባዩ ቀርቶ ድርቆሽና አልፋልፋ የሚባል የመኖ ተክል ተተካ፣ የከብቱ ቁጥር በሄክታር ተወሰነ። ሥራውማ እንዲያውም ጨመረ።

"የሀብታም አገር ጨዋታ ነው"

ኮስታሪካ ከ1997 ጀምሮ ከነዳጅ ታክስ እያነሳች ለደን ባለቤቶች ትከፍላለች። እኛም ዘንድ፣ ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከግጦሽና ከመጥረቢያ ተጠብቆ፣ ዛፉ ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ ተደርጓል። ዛፉ ከአየር ስቦ የሚያስቀረውን ካርቦን የዓለም ባንክ ፈንድ ገዝቷል። ገንዘቡ የሄደው ለአካባቢው ነዋሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። መሬት በማይሸጥበት አገር የቪተልን መንገድ እንዳለ መገልበጥ ግን አይሆንም። ማኅበራቱ መጀመሪያ በደኑ የመጠቀም መብታቸውን በሕግ ማስከበር ነበረባቸው። ያ ወረቀት ከሌለ ካርቦኑን የኔ ነው ብሎ ማን ይሸጠዋል?