ለቃለ መጠይቅ አድራጊው የሚቀርብ ጥያቄ ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የሥራ ፍለጋ መካሪ «ኢንተርቪው መጨረሻ ላይ ይህን ጠይቁ፣ ትቀጠራላችሁ» ሲል ሰማሁ። ጥያቄው «ድርጅቱ ከ5 ዓመት በኋላ የት ይደርሳል?» የሚል ነው። በሰው ሀብት ሥራ ላይ ስላለሁ፣ ይህንኑ ሸምድዶ የሚመጣ ተወዳዳሪ በየጊዜው ያጋጥመኛል። ጠይቆ ሲያበቃ ግን መልሱን አያዳምጥም።

የሚያናድደኝ «የሚጠየቀው ለመደነቅ ነው» የሚለው ሐሳብ ነው። በፍጹም አይደለም። የሚጠየቀው ሥራውን ልያዘው ወይስ ልተወው ብሎ ለመወሰን ነው።

ቂርቆስ አካባቢ ቤት ልትከራዩ ሄዳችሁ እንበል። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ቆጣሪው የጋራ ነው? ማታ በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? ትላላችሁ። አከራይዋን ለማስደመም አይደለም፤ የምትኖሩበት እናንተ ናችሁ። የቀድሞው ተከራይ ለምን እንደወጣም ትጠይቃላችሁ። ሥራም ላይ እንደዚሁ ነው። «ቦታው አዲስ ነው ወይስ የለቀቀ ሰው አለ? ለምን ለቀቀ?» በሉ። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ቢተያዩም መልስ ነው።

ደላላው ደግሞ ቤቱ ውስጥ አይኖርም። እኛ የሰው ሀብት ባለሙያዎችም ያው ነን። ስለ ዕረፍትና ጥቅማጥቅም እንነግራችኋለን፤ አለቃችሁ እሁድ ማታ ይደውል አይደውል ግን አናውቅም። ስለዚህ የውሃውን ጥያቄ ለቅርብ አለቃችሁ አቅርቡ፦ «በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ምን ብሠራ ጥሩ ሠራ ይባላል?»

ሁለት ወር ያልኩት በምክንያት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። በዚያ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደላችሁም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ልትሰናበቱ ትችላላችሁ። በምን እንደምትለኩ ሳታውቁ እንዴት ትገባላችሁ? (የመንግሥት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ አይተዳደርም።)

«ደመወዝ መጠየቅ ነውር ነው» የሚሉም አሉ። ማስታወቂያው ራሱ «ደመወዝ በስምምነት» እያለ ሳይነጋገሩ እንዴት ይስማማሉ? የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ አይሁን እንጂ ጠይቁ። የተነገራችሁ ብር የተጣራ ነው ያልተጣራ የሚለውንም አረጋግጡ። በግል ድርጅት ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፤ የሥራ ግብርም አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ ባሉት ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ስትፈተኑ ኮሚቴ ፊት ልትቀርቡ ትችላላችሁ። እያንዳንዱ ፈታኝ ቅጽ ላይ ነጥብ ይሞላል፤ ለእናንተ ጥያቄ የተመደበ ነጥብ ላይኖር ይችላል። ያኔም ጠይቁ፣ ግን አሳጥሩ፤ ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ። «እንደውልላችኋለን» ከተባላችሁም እስከ መቼ እንደሆነ ሳትሰሙ አትውጡ።