የሚኒስትር ተጠያቂነት ምንድን ነው? የበታቹ ሲያጠፋ አለቃው ምን አገባው?

አያት ጫፍም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ነገር ሳይሰማ አይወጣም። «ፖሊሲው ጥሩ ነው፤ ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነው።» የካርታ ፋይል ቢጠፋ፣ የካሳ ክፍያ ቢጓተት፣ ውሃ እየመጣ ቢሄድ መልሱ ይኸው ነው። መድረክ ላይ ያለው ኃላፊ ይህን ብሎ እፎይ ይላል። ጥፋቱ ወደ ታች ወርዶለታል።

የሚኒስትር ተጠያቂነት የሚባለው ሐሳብ ይህን እፎይታ የሚነሳ ነው። አንድ ሚኒስትር በመሥሪያ ቤቱ ስም ለሚሠራው ሁሉ፣ ራሱ ላላዘዘውና ላላየው ጭምር፣ በሕዝብ ተመራጮች ፊት ቆሞ መልስ ይሰጣል። «አላውቅም ነበር» ማለት ይችላል። ብሎ መቀመጥ ግን አይችልም። ለምን እንዳላወቀ፣ ካወቀ በኋላ ምን እንዳደረገ፣ የተጎዳው ሰው በምን እንደሚካስ መናገር አለበት።

መልስ መስጠትና ጥፋተኛ መሆን የተለያዩ ናቸው። ጉቦ የበላ ባለሙያ ወንጀሉ የራሱ ነው፤ ሚኒስትሩ በእሱ ፈንታ አይታሰርም። እድርን አስቡት። ገንዘብ ያዡ የእድሩን ብር ይዞ ቢሰወር ሌባው እሱ ነው። አባላቱ ተሰብስበው የሚያፋጥጡት ግን ሊቀመንበሩን ነው። ሒሳቡን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኸው መቼ ነው? ደረሰኙስ? ሊቀመንበሩ «እኔ ምን አገባኝ» ካለ፣ እዚያው ሌላ ሊቀመንበር ይመረጣል። ሌባ ብሎ የሰደበው ግን የለም።

ስለዚህ ሐሳብ ሲወራ ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ታሪክ የመሬት ታሪክ ነው። ለእኛ ለዳር ከተማ ሰዎች እንግዳ አይሆንም። በ1938 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አየር ሚኒስቴር በዶርሴት ክሪቸል ዳውን የተባለ 725 ኤከር መሬት፣ ወደ 290 ሄክታር ገደማ፣ ለቦምብ መለማመጃ ወሰደ። በጦርነቱ መሐል ዊንስተን ቸርችል መሬቱ ሥራውን ሲጨርስ ለባለቤቶቹ እንደሚመለስ ቃል ገቡ። ጦርነቱ አለቀ። መሬቱ ግን ወደ ግብርና ሚኒስቴር ዞረ፤ ከቀድሞ ባለቤቶቹ የአንዱ ልጅና ባሏ መልሰን እንግዛ ሲሉ ቢሮው አሻፈረኝ አለ። ከዚያ ያለው የምናውቀው ዓይነት ነው፦ ደብዳቤ፣ ቀጠሮ፣ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው»። ቤተሰቡ ግን ነገሩን አልተወም። ጉዳዩ በይፋ ምርመራ ታየና የሠራተኞቹ አድራጎት ክፉኛ ተተቸ።

በሐምሌ 1954 እ.ኤ.አ. የግብርና ሚኒስትሩ ቶማስ ዳግዴል በፓርላማ ቆመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ሠራተኞቼ ሲሳካላቸው ምስጋናውን የምወስድ እኔ ነኝ፤ ሲሳሳቱም ሙሉ ኃላፊነቱ የእኔ ነው አሉ። ይህን ሳነብ ሪባን ሲቆረጥ ከፊት የሚቆመው ማን እንደሆነ ማሰቤ አልቀረም።

ታሪኩ ግን እንደሚተረከው ንጹሕ አይደለም። ከዓመታት በኋላ ይፋ የሆኑ መዛግብት ሚኒስትሩ ራሳቸው ስለ ውሳኔው ያውቁና ይደግፉት እንደነበር አሳይተዋል። የገዛ ፓርቲያቸው የምክር ቤት አባላትም ተነሥተውባቸው ነበር። ስለዚህ «ለማያውቁት ጥፋት መሥዋዕት ሆኑ» የሚለውን እኔ በግማሽ ነው የምቀበለው።

ከክሪቸል ዳውን የተረፈው ትልቅ ነገር ከዚያ በኋላ የተደረገው ክርክር ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዴቪድ ማክስዌል ፋይፍ ነገሩን በደረጃ ለዩት። ሠራተኛው የሚኒስትሩን ትእዛዝ ወይም ፖሊሲ ከፈጸመ፣ ሚኒስትሩ ከፊቱ ቆሞ ይከላከልለታል። ትንሽ ስሕተት ወይም መዘግየት ከሆነ፣ ስሕተቱን ተቀብሎ ያስተካክላል። ሠራተኛው ሚኒስትሩ በማያውቀውና በማይደግፈው መንገድ ነውር ከሠራ ደግሞ፣ ሚኒስትሩ አድራጎቱን ትክክል ነው ብሎ የመከላከል ግዴታ የለበትም። ሄዶ ለፓርላማው የማስረዳት ግዴታው ግን አይቀርም። ልብ በሉ፣ ከሦስቱ በአንዱም «ከእኔ በታች ያሉትን ጠይቁ» የሚል አማራጭ የለም።

ያም ሆኖ ማምለጫ አልጠፋም። በ1983 እ.ኤ.አ. ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ሜዝ ከተባለው እስር ቤት 38 እስረኞች አመለጡ። የሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄምስ ፕራየር ጥፋቱ ከፖሊሲ የመጣ ቢሆን ኖሮ እለቅ ነበር አሉ፤ የአፈጻጸም ጉዳይ ስለሆነ ግን ቦታቸው ላይ ቆዩ። አያችሁ፣ የቱሉ ዲምቱው ዓረፍተ ነገር ለንደንም ይነገራል።

ይህ ክርክር ሚዛን የሚደፋ ነገር አለው። በሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ያለው ሚኒስትር እያንዳንዱን ወረቀት ሊያይ አይችልም። አንድ ባለሙያ ባጠፋ ቁጥር ሚኒስትር ይልቀቅ ካልን፣ አለቃውን የጠላ ሁሉ ሆን ብሎ ሥራ እያበላሸ ሚኒስትር ማስነሳት ይጀምራል። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ የምንለውም ሁልጊዜ አይሠራም፤ አንዳንዱ ከጅራቱ ነው የሚበላሸው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ማስፈጸም ራሱ የሚኒስትሩ ሥራ ነው። ያን ሰው የመደበው፣ የተቆጣጠረው ወይም ያልተቆጣጠረው፣ አቤቱታ ሲመጣ ያነበበው ወይም መሳቢያ ውስጥ የከተተው መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ መልስ ይስጥ። መልቀቅ የሚኖርበት ግን ማወቅ ሲገባው ሳያውቅ ሲቀር፣ ወይም አውቆ ዝም ሲል ነው። ለእኔ ሁለተኛው ይብሳል።

አንዳንዴ ግን ሰው ሳይገደድም ይለቃል። በኅዳር 1956 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ አሪያሉር አጠገብ ባቡር ተገልብጦ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። የባቡር ሚኒስትሩ ላል ባሃዱር ሻስትሪ ለቀቁ። ባቡሩን የነዱት እሳቸው አልነበሩም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኔህሩም መልቀቂያውን የተቀበሉት ሻስትሪ ጥፋተኛ ስለሆኑ ሳይሆን ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን ነው አሉ። ሻስትሪ በ1964 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። መልቀቅ መጥፋት አልነበረም።

በእኛ አገር ይህ መካከለኛ መንገድ አልተለመደም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮችን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ መልስ የሚሰጠውም ለእሳቸው ነበር። በየካቲት 1966 የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ለቀቀ። ስለ ወሎ ረሃብና ስለ ሥልጣን መባለግ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ጥሩ ጅምር ነበር፤ ማን ምን ያውቅ እንደነበር በጥያቄ ይለይ ነበር። ግን ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። አክሊሉም፣ ከእሳቸው በኋላ የመጡት እንዳልካቸው መኮንንም ከመካከላቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ «ተጠያቂ ይሁን» ስንል ብዙ ባለሥልጣን ጆሮ ውስጥ የሚገባው «ይታሰር» ወይም ከዚያ የባሰ ነገር ይመስለኛል። እንዲህ የሚሰማ ሰው ደግሞ ስሕተቱን ከመናገር መደበቁን ይመርጣል።

የዛሬው ሕገ መንግሥት መሣሪያዎቹን አስቀምጧል። አንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል። አንቀጽ 55 የተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ የአስፈጻሚውንም አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ስለ አስፈጻሚው ማንኛውም ጉዳይ ይወያያል፤ አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃም ይወስዳል። አንቀጽ 72 ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አባላት በጋራ ለሚወስኑት በጋራ ተጠያቂ ናቸው ይላል። የእኔ ችግር መሐሉ ላይ ነው። አንዱ አንቀጽ ስለ ራስ ጥፋት፣ ሌላው ስለ ጋራ ውሳኔ ይናገራል። የበታች ጥፋት አለቃው ኃላፊነቱን እንዳጓደለ የሚቆጠረው መቼ እንደሆነ የሚወስነው ልማድ ነው። ልማዱ ደግሞ ገና አልተሠራም።

የኮንዶሚኒየም ዕጣውን አስታውሱ። በሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች ዕጣ ወጣ። ስማቸው የወጣላቸው እልል ብለው ሳይጨርሱ የተመዝጋቢዎች መረጃ እንደተነካካ ተነገረና ዕጣው ተሰረዘ። ኃላፊዎችና ባለሙያዎች ተያዙ። የወንጀሉ ጉዳይ የፍርድ ቤት ነው። ከእሱ ጎን ግን ሌላ ጥያቄ ነበር። ሲስተሙን ከዕጣው በፊት ማን ፈተሸው? ይሠራል ብሎ የፈረመው ማን ነው? ይህን የሚመልሰው ፖሊስ አይደለም፤ ቢሮውን የሚመራው አካል በምክር ቤት ፊት ነው።

ደግሞም ሚኒስትር ሚኒስትር ስንል ብዙ ጊዜ የተሳሳተ በር እያንኳኳን ነው። ለሚ ኩራ ያለ ሰው የካርታ ጉዳዩ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ከንቲባ ይሄዳል። ከንቲባው የሚጠየቁት በከተማው ምክር ቤት ነው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የፌዴራል ሚኒስትር የለም። ለገጣፎ ወይም ቡራዩ ያለው ጎረቤቱ ደግሞ ሸገር ከተማ ውስጥ ስለሆነ ጥያቄው ወደ ኦሮሚያ ክልልና ወደ ጨፌው ይሄዳል። ሁለቱን ሰፈር የሚያገናኘው የፌዴራል አውራ ጎዳና ቢፈራርስ ግን ጉዳዩ የፌዴራል መንገዶች መሥሪያ ቤት ነው፤ ያን ጊዜ ሚኒስትሩን ምክር ቤት አስጠርቶ ማፋጠጥ ያስኬዳል።