ወጣት ለምን ሪስክ ይወስዳል? ፐርሰናሊቲ፣ አታችመንት ምናምን

እኛ ጋር "ልጁ ደፋር ነው" ከተባለ አለቀ፣ ሳይኮሎጂስቶቹ ጋር ግን ጥያቄው ገና እዚጋ ነው የሚጀምረው፣ ደፋርነቱ በምኑ ነው? ያለ ሄልሜት ሞተር የሚያበረው ልጅ አለቃውን ደሞዝ ጨምርልኝ ለማለት ወር ሙሉ ሲያምጥ ይከርማል። እነ ኤልኬ ዌበር በ2002 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ባወጡት መለኪያ ሪስክን 5 ቦታ የከፈሉት ለዚ ነው፦ ገንዘብ፣ ጤናና ደህንነት፣ መዝናኛ፣ ማህበራዊ ኑሮ፣ ስነምግባር።

እድሜው ራሱ አንድ ነገር ነው። ጄፍሪ አርኔት በ2000 ከ18 እስከ 25 ያለውን እድሜ ለብቻው ስም ሰጥቶታል፣ ልጅም ያልሆንክበት አዋቂም ያልሆንክበት ጊዜ ማለት ነው። ጋርድነርና ስታይንበርግ ደሞ በ2005 ሰዎችን የመኪና ጌም አጫወቱ፣ መብራቱ ቢጫ ሲሆን ከቀጠልክ ነጥብ ታገኛለህ ግን ድንገት ግድግዳ መጥቶ ልትጋጭ ትችላለህ። ጓደኛ አጠገባቸው ሲቀመጥ ታዳጊዎቹና እስከ 22 ያሉት ወጣቶች ብሶባቸው ሲነዱ ከ24 በላይ ያሉት ላይ ብዙም ለውጥ አልመጣም።

ፐርሰናሊቲ ላይ ስሙ የሚነሳው ማርቪን ዙከርማን ነው፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ "ሴንሴሽን ሲኪንግ" የሚለውን ነገር ሲለካ የኖረ ሰው፣ ማለትም አዲስና ኃይለኛ ስሜት ፍለጋ መሮጥ፣ ቶሎ መሰልቸትም እዛው ውስጥ አለበት። በቢግ ፋይቭ (ፐርሰናሊቲን በ5 ትልልቅ ባህሪያት የሚከፍለው አከፋፈል) ካየነው ደሞ ተግባቢና ለአዲስ ነገር ክፍት የሆነ ሰው ለጀብዱ ይቀናዋል፣ ጥንቃቄና ስርዓት የሚያበዛው ይቆጠባል፣ ጭንቀታሙ ግን ግራ ያጋባል፣ ገደል አይዘልም ግን ሲከፋው መጠጥ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

አታችመንት፣ አንዳንዶች ቁርኝት የሚሉት፣ ማለትም ህፃን ከሚያሳድገው ሰው ጋር ያለው የስሜት ትስስር፣ የጆን ቦውልቢ ሀሳብ ነው፣ መሬት ላይ ያየችው ግን ሜሪ አይንስወርዝ ናት፣ ያውም መጀመሪያ ኡጋንዳ ውስጥ በ1950ዎቹ እናቶችና ህፃናትን ቤታቸው እየሄደች። ያየችው ነገር ቀላል ይመስላል፦ ህፃኑ እናቱ እዛው እንዳለች ካመነ እየዳኸ ይርቃል፣ ዞር ብሎ ያያታል፣ ደሞ ይርቃል። በ1987 ሀዛንና ሼቨር ይሄንኑ ወደ አዋቂዎች ፍቅር አመጡት፣ መጠይቁን ዴንቨር ጋዜጣ ላይ አወጡትና መልስ ከሰጡት ውስጥ ከግማሽ በላዩ ራሱን "ሴኪዩር" (ሰው መቅረብም መታመንም የማይከብደው) ነኝ አለ፣ ቀሪው ወይ መቀራረብን የሚሸሽ ወይ እተዋለሁ ብሎ የሚጨነቅ።

ስለዚ ሴኪዩር የሆነ ሰው ፈሪ ነው ማለት አይደለም፣ እንደውም ብወድቅ የሚያነሳኝ አለ ስለሚል ሀገር ይቀይራል፣ ስራ ይጀምራል። ጥናቶቹ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው፣ የሚጨነቀው ፍቅረኛዬ ትሄድብኛለች ብሎ "ኮንዶም እንጠቀም" ማለት ያቅተዋል ወይ ጭንቀቱን በመጠጥ ያበርዳል፣ የሚሸሸው ደሞ ስሜት የሌለበትን የአንድ ቀን ግንኙነት ይመርጣል፣ ችግር ሲገጥመውም እርዳታ አይጠይቅም። የአታችመንትና የሪስክ ዝምድና ግን ቲክቶክ ላይ እንደሚወራው ያን ያህል ጠንካራ አይደለም፣ አብዛኛው ጥናት ሰው ስለራሱ በሞላው መጠይቅ ላይ የቆመ ነው፣ ቶሎ "እኔ አቮይዳንት (የሚሸሸው) ነኝ" ብሎ መለጠፍ ለኔ ቀልድ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አዲስ አበባ የሆነ ቤቲንግ ቤት ግቡና ሁለት ልጆች አስቡ፣ ሁለቱም 50 ብር አውጥተው 10 ጨዋታ የደረደሩበት ትኬት በእጃቸው ጨብጠው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። አንደኛው 9ኙ ገብተውለት በመጨረሻዋ ደቂቃ ሲበላ እንኳን ሳቅ በሳቅ ነው፣ እሱ የፈለገው ልቡ ድው ድው እንዲልለት ነበር። ሁለተኛው ኳስ ራሱ አይወድም፣ ልጆቹ ሲቆርጡ ብቻዬን እንዳልቀር ብሎ ነው የቆረጠው። መለኪያው ላይ ሁለቱም "ቁማር ይጫወታል" ተብለው አንድ ቦታ ይመዘገባሉ፣ ግን ሁለተኛው ጓደኞቹ ካፌ ቢሄዱ ካፌ ነው የምታገኙት፣ የመጀመሪያው ደሞ ቤቲንጉ ቢዘጋ ሞተሩን ያስነሳል።