ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ በመኪናና በጀልባ

ሐይቅ እስጢፋኖስ በደቡብ ወሎ፣ በተሁለደሬ ወረዳ የሚገኝ ጥንታዊ የወንዶች ገዳም ነው። የተተከለው ደሴት ላይ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲያየው ዙሪያውን ውኃ ነበር። ዛሬ ውኃው ሸሽቶ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ስለ ተያያዘ፣ በእግርም በጀልባም ይገባበታል።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ልብስ ያስወልቃል፣ መልሶም ያስለብሳል፦ በደብረ ብርሃን ብርድ ተጠቅልሎ የጣርማ በርን ዋሻ ያለፈ ተሳፋሪ፣ ከደብረ ሲና በታች ሸዋ ሮቢት ላይ መስኮት ይከፍታል፤ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፎ የሐረጎን ዳገት ሲጨርስ ደሴ ላይ እንደገና ጋቢ ይፈልጋል። በአውሮፕላን የሚመጣም የሚያርፈው ኮምቦልቻ ስለሆነ ከዳገቱ አያመልጥም።

ሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ናት። ሚኒባሱ ከመናኸሪያ ይገኛል። ከተማዋም፣ ውኃውም፣ ገዳሙም በአንድ ስም ስለሚጠሩ ለረዳቱ «ሐይቅ» ብቻ ያለ እንግዳ ከተማ መሃል ይወርዳል፤ ውኃው ዳር ለመድረስ ገና ባጃጅ ወይም ጥቂት ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ ይቀረዋል።

በየብስ መግባቱ ይቀላል፤ ቦታው ለምን እንደተመረጠ የሚገባው ግን ከጀልባ ላይ ነው። ሐይቁ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር እንደሚደርስ ተለክቷል። ከመሃሉ ሲታይ ገዳሙ ዛፍ ብቻ ነው፤ ጣራው የሚገለጠው ሲቀርቡ ነው። አገሩ በሐሩር ክልል ውስጥ ነው ብሎ በስስ ሸሚዝ ማለዳ ጀልባ ላይ የወጣ ይቆጨዋል፤ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ዋጋን ሳይሳፈሩ፣ የመመለሻውንም ጭምር፣ መነጋገር ይበጃል።

ስለ ውኃው አመጣጥ የአካባቢው ሰው የሚያወጋው አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔርም ተቆጥቶ ምድሩን ሁሉ ውኃ አደረገው። ልዕልቷ ከነወገኖቿ ሰጠመች፤ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት ቁራሽ መሬት ብቻ ደሴት ሆና ተረፈች። በሴት የዳነችው ያቺ መሬት ዛሬ ሴት አታስገባም፤ ሴት ተጓዦች ቦታውን የሚያዩት ከውኃው ላይ ወይም ከማዶ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞም እንደነበረ ትውፊት ይናገራል፤ ገዳሙን ያቀናው ግን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው አቡነ ኢየሱስ ሞዐ ነው። የመነኮሰው በገመድ በሚወጣበት በደብረ ዳሞ ነበር፤ ከገመድ ወጥቶ ወደ ታንኳ ገባ ማለት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማረው እዚህ ነው። የገዳሙ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» እየተባለ በቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን ነበረው። የኢየሱስ ሞዐ ስም ያለበት የብራና ወንጌልም ከዚያው ዘመን ተርፏል።

ጊዜ የተረፈው በደቡብ ምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ አርዲቦ ሐይቅ ይሻገራል። የቸኮለ ደግሞ ሐይቅ ከተማ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣውን በልቶ፣ ሚኒባስ ሳይሳሳ ወደ ደሴ ይመለሳል።