«ጉዳዩ፦ የገንዘብ ድጋፍ ስለመጠየቅ» ማለት መቼ ነው የምንተወው?

ድሬዳዋ ውስጥ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የድጋፍ ደብዳቤ ስጽፍ ዓመታት ሆነኝ። ነሐሴ ሲጋመስ ወይም ረመዳን ሲቃረብ አንዱ ሥራ አስኪያጅ ረቂቁን ይዞ ይመጣና «ፊደሉን ብቻ እይልኝ» ይለኛል። ፊደሉማ ምን ይሆናል! ችግሩ ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ሁሌ የሚነግሩኝ አባባሎች ናቸው፤ እያነሳሁ ልመልስላቸው።

«ደብዳቤ በመሥሪያ ቤት ወግ ካልተጻፈ አያስከብርም።» የሚያንገበግበኝ ይኼኛው ነው። ቁጥር፣ ቀን፣ «ጉዳዩ»፣ ከዚያ «ድርጅታችን ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ» እያለ ግማሽ ገጽ ራሱን ያወድሳል። «ለሚመለከተው ሁሉ» የተባለ ደብዳቤ ማንንም አይመለከትም። አንድ ቀን መጋላ አንድ ጨርቅ ሱቅ ብገባ፣ እኔው የጻፍኩት ደብዳቤ ፖስታው ሳይከፈት ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል፤ ጀርባው ላይ የሜትር ሂሳብ ተደምሮበታል። ባለሱቁን ብጠይቃቸው «መዋጮ መስሎኝ ነው ልጄ» አሉኝ።

በዓመቱ ፖስታው ላይ ስማቸውን በእጄ ጻፍኩ። «ጉዳዩ»ን አውጥቼ እንዲህ ጀመርኩ፦ «ሐጂ፣ ከሱቅዎ ብዙም የማትርቅ አንዲት ልጅ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ደብተር ግን የላትም።» ማኅተሙን አልተውኩትም፤ አጭበርባሪው በዝቷልና ያለ ማኅተም ማን ያምናል? ግን ቦታው ከፊርማው አጠገብ ነው። ሐጂ ራሳቸው ደወሉ፦ «የማን ልጅ ናት?» አልነገርኳቸውም፤ ወላጆቿ የፈቀዱት ታሪኳን እንጂ ስሟን አይደለም። እሳቸውም አልተቀየሙም፣ ሰጡ።

«ቁጥር ሲበዛ ልብ ይነካል።» እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ላይ ተሳታፊዎች 5 ዶላር ተሰጥቷቸው ከዚያ ላይ እንዲለግሱ ተጠየቁ። ስለ አንዲት የማሊ ልጅ ያነበቡት በአማካይ 2.38 ዶላር ሰጡ፤ ስለ ሚሊዮኖች ያነበቡት 1.14 ብቻ። ካነበቧቸው ቁጥሮች አንዱ የእኛው ነበር፦ እርዳታ የሚሹ 11 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን። ልጅቷንና ቁጥሩን አንድ ላይ ያነበቡትስ? 1.43። «ሁለቱንም እናስገባ» ለምትሉኝ ነው።

«በየቤቱ ፖስታ በማይታደልበት አገር ደብዳቤ አይሠራም።» በእጅ ይሂዳ! ልጅ ላኩ፣ አስፈርሞ ይምጣ።

«ረጅም ደብዳቤ አይነበብም።» የማይነበበው አሰልቺው ነው።

«አምና የሰጠን ዘንድሮ መጠየቅ ያሳፍራል።» ይሉኝታ ነው። ከማያውቃችሁ መቶ ሰው አንድ ሁለቱ ከመለሱ ደግ ነው፤ አምና የሰጠ ግን ያውቃችኋል፣ ከእንግዳው ይልቅ እሱ ደግሞ ይሰጣል። የሚያሳፍረው በገንዘቡ ምን እንደተሠራ ሳትነግሩት ተመልሳችሁ መሄዳችሁ ነው። ምስጋናው በሳምንቱ ይድረሰው፤ እባካችሁ እዚያው ወረቀት ላይ ደግማችሁ አትለምኑ።

«የአቅምዎን ያህል ማለት ትሕትና ነው።» ለሰጪው ጭንቅ ነው፤ ያንስ ይሆን ይበዛ ይሆን እያለ ፖስታውን ለነገ ያቆየዋል። የአንድ ተማሪ የዓመት ደብተርና ዩኒፎርም ስንት ብር እንደሆነ ቁርጡን ጻፉለት፤ የባንክ ሂሳቡንና የቴሌብር ቁጥሩን ከሥሩ።